አያቴን «ዝንጉ» ልበላቸው?

ጥያቄ፦ ለአያቴ 80ኛ ዓመት ልደት የሚነበብ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። አሁን አሁን የልጆቻቸውን ስም እንኳ ይረሳሉ። «ዝንጉ ሆነዋል» ብዬ ብጽፍ እናቴ «እንዲህማ አይባልም» አለችኝ። ምን ነውር አለው?

መልስ፦ እናትዎ ልክ ናቸው። «ዝንጉ» ከ«ዘነጋ» የወጣ ቅጽል ነው፤ ከ«በረታ» «ብርቱ» እንደሚወጣው ማለት ነው። ዝንጉ የምንለው የሚረሳውን ሰው ብቻ አይደለም፤ ሊያስብበት ሲገባው ቸል ያለውንም ነው። ተረኛ ሆኖ ያንቀላፋ ዘበኛ ዝንጉ ይባላል፤ የማስታወስ ችሎታው ግን ምንም አልጎደለ ይሆናል። ስለዚህ ቃሉ ወቀሳ አለበት።

ይህ ወቀሳ ይበልጥ የሚጎላው በ«ተዘናጋ» ላይ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን ሲገባ «አንዘናጋ» የተባልነው በሽታው መኖሩን ስለረሳን አልነበረም፤ ጥንቃቄያችን እንዳይላላ ነው።

«ዘነጋ» ራሱ ግን እንደ ቅጽሉ አይከብድም። «ይቅርታ፣ ስምዎን ዘነጋሁት» ማለት እንዲያውም ከ«ረሳሁት» ይለሰልሳል። በዜና «መግለጹ አይዘነጋም» ሲባልም የሚወቀስ የለም። አንድ ጊዜ የሆነ ነገር ሲነገር ቀላል ነው፤ የሰውየው ጠባይ ተደርጎ ሲለጠፍበት ነው የሚከብደው።

መርሳትና ጥፋት በግእዝም ጎን ለጎን ይገኛሉ። መዝሙረ ዳዊት ሲጀምር «ብፁዕ ብእሲ ዘኢሖረ በምክረ ረሲዓን» ይላል፤ አማርኛው «በክፉዎች ምክር ያልሄደ» ብሎታል። የእኛ «ረሳ» በግእዝ «ረስዐ» ነው፤ «ረሲዓን»ም በዚያው ፊደል ይጻፋል። ሊቃውንቱም ረሲዕን ፈጣሪውን የረሳ ብለው ያገናኙታል።

«ልበ ቢስ» እና «ቀልበ ቢስ»ም አይሆኑም፤ «ጃጁ» የሚለውንማ በአያትዎ ልደት ላይ ማንም መስማት አይፈልግም። «መርሳት ጀምረዋል» ወይም «ማስታወስ ይቸግራቸዋል» ቢሉ ያምራል። «የመርሳት በሽታ» ሐኪም ሲያረጋግጠው የሚባል ነው፤ በግምት አይጻፍም።

እኔ ብሆን «የልጆቻቸው ስም ይጠፋባቸዋል» ብዬ እጽፍ ነበር። እዚህ ላይ የሚጠፋው ስሙ ነው፤ የግሱ ባለቤት እርሱ ነው። «‑ባቸው» የምትለው ቅጥያም ነገሩ በአያትዎ ላይ የደረሰ እንጂ እሳቸው ያጠፉት እንዳልሆነ ትናገራለች።