መልስ፦ ከእስልምና ወደ ክርስትና ለተቀየረ ሰው የጥምቀት ወረቀት ለጥገኝነት ይበቃል ወይ?

እህቴ፣ ብቻውን አይበቃም። አሜሪካ ከገባሽ 14 ወር ስለሆነሽ መጀመሪያ የሚነሳብሽ የ1 ዓመቱ ገደብ ነው፤ ጥገኝነት አገሩ በገቡ በ1 ዓመት ውስጥ መጠየቅ አለበት። ጌታን የተቀበልሽው ከመጣሽ በኋላ ከሆነ ሕጉ «የተለወጠ ሁኔታ» ብሎ ሊያልፍሽ ይችላል፤ ግን ከተጠመቅሽ ወዲህ ብዙ ከቆየሽ ይጠየቃል፣ ስለዚህ የጥገኝነት ማመልከቻውን፣ ቅጽ አይ-589ን፣ ቶሎ አስገቢ።

ከባዱ ሌላው ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 27 ሃይማኖት መምረጥን ይፈቅዳል፤ የሚዝቱብሽም ወንድሞችሽ እንጂ መንግሥት አይደለም። «ፖሊስ ለምን አያስጥልሽም? ሌላ ከተማ ሄደሽ ለምን አትኖሪም?» መባልሽ አይቀርም። የዛቻውን የድምፅ መልእክት ከነቀኑ አስቀምጪ፤ በእንግሊዝኛ ትርጉሙ ላይ ተርጓሚው ሁለቱንም ቋንቋ እንደሚችል አረጋግጦ ይፈርም። ፓስተሩም «አባላችን ናት» ብቻ ብለው አይተዉት፤ ከመቼ ጀምሮ፣ በየትኛው አገልግሎት እንደሚያውቁሽ ይጻፉ።