«ገላሽን ታጠቢ ስላት ትቆጣለች»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። እናቴ 78 ዓመቷ ነው፣ የግፊት መድኃኒት ትወስዳለች እንጂ ሌላው እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ናት። ሻወር ቤታችን ወለሉ ሴራሚክ ነው፣ ቦይለርም አለን ግን መብራት ሲጠፋ ውሃ በድስት አሙቀን ነው የምንታጠበው። ጥቅምት ላይ አዳልጧት ወደቀች፣ ምንም አልሆነችም፣ ግን ከዛ ወዲህ ገላሽን ታጠቢ ስላት «ብርድ ነው» «ነገ» «ደክሞኛል» እያለች ትቆጣኛለች፣ ሦስት ሳምንት የሞላት ጊዜ ሁሉ አለ። ብቆጣት አንጀቴ አይችልም፣ ዝም ብላት ደግሞ ለጤናዋ እሰጋለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ እናትሽ ግትር ሆነው እንዳይመስልሽ፣ ፈርተው ነው። ሰው በዚህ ዕድሜ አንዴ ከወደቀ በኋላ ያ ቦታ ትዝ ሲለው ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ፈራሁ ማለት ደግሞ ለልጅ ይከብዳል፣ ስለዚህ ብርድ ነው ይባላል። ብርዱም ቢሆን ሰበብ አይደለም እኮ፣ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው ያላችሁት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ሳሩ ላይ ውርጭ እያየሽ በጠዋት ልብስ አውልቁ ማለት እሳቸው ላይ መፍረድ ነው። ከቀኑ 6 እስከ 8 ሰዓት ባለው ፀሐይ ጠንከር ሲል አድርጊው። በየቀኑ መታጠብም አይጠበቅባቸውም፣ በሳምንት አንዴ ወይ ሁለቴ ሙሉ ገላ፣ በሌላው ቀን ፊት፣ ብብት፣ እግርና እፍረተ ሥጋ በለብ ያለ ውሃ ከተጠረገ በቂ ነው፣ የአዛውንት ቆዳ ሳሙና ሲበዛበት ይደርቅና ያሳክካል።

አሁን ወደ ወለሉ ልምጣ። ከሥሩ መምጠጫ ያለው የጎማ ምንጣፍ ግዢ፣ ግን ከማንጠፍሽ በፊት ሴራሚኩን በብሩሽ ፈትጊው፣ የሳሙና ቅሪት ካለበት ምንጣፉ አይጣበቅም፣ አብሮ ይሄዳል። ጨርቅ ወይ ጆንያ ማንጠፍ አይሆንም፣ ራሱ ነው የሚያንሸራትተው። ከታጠቡ በኋላ ቫዝሊን ስትቀቢያቸው ውስጥ እግራቸውን ተይው፣ ወይ ከቀባሽ ወዲያው ካልሲ አልብሻቸው፣ ብዙ ሰው ይሄን አያስበውም።

ቆመው አይታጠቡ፣ ተቀምጠው ይታጠቡ። ዱካ ግን አይሆንም፣ ዝቅ ስለሚል መቀመጡ ቀላል ነው መነሳቱ ነው ችግሩ። መቀመጫው ከመሬት 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ክንድ ማሳረፊያ ያለው ከበድ ያለ ወንበር ፈልጊና እግሮቹ ምንጣፉ ላይ አርፈው ጀርባው ግድግዳ ይንካ። ያ ስስ የፕላስቲክ ወንበር እርጥብ ሴራሚክ ላይ እግሩ ይከፈታል፣ አትተማመኚበት።

የሚይዙት ብረት ደግሞ የግድ ነው። አባዬን ሳስታምም ሻወር ቤት ውስጥ ሲነሳ እጁ ሁልጊዜ የሚሄደው ፎጣ ማንጠልጠያው ላይ ነበር፣ አንድ ቀን ማንጠልጠያው ከነብሎኑ ከነፊሸሩ ተነቅሎ እጁ ላይ ቀረ፣ እኔ ከኋላ ባልይዘው ኖሮ... እስካሁን ያ ግድግዳ ላይ ያለው ሁለት ቀዳዳ ይታየኛል። ብየዳ ቤት ሄደሽ በ1 ኢንች የውሃ ቱቦ አሠሪ፣ ውፍረቱ ውጪው 3.3 ሴንቲ አካባቢ ስለሆነ ለእጅ ልክ ነው። ከወለሉ ከ84 እስከ 91 ሴንቲ ከፍታ ላይ ይሁን፣ ከግድግዳው ያለው ክፍተት ደግሞ 4 ሴንቲ ያህል ብቻ፣ ከሰፋ ሲያዳልጣቸው ክንዳቸው ሾልኮ ይገባና ይሰበራል። ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ ውስጡ ባዶ ነው፣ ተራ ፊሸር አይዘውም፣ ግንበኛው በረጅም ብሎን ከወዲያ ማዶ በላሜራ ይሰረው። ሲያልቅ አንቺ ራስሽ በሙሉ ክብደትሽ ተንጠልጠዪበትና ሞክሪው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሻወር ቤቱን ለማሞቅ ብለሽ የከሰል ምድጃ እንዳታስገቢ። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፣ በርና መስኮት ዘግቶ ከሰል ያስገባ ሰው ራሱን ያዞረው ሳይመስለው እዛው ይቀራል። ይልቅ ቀድመሽ ፈላ ያለ ውሃ ወለሉ ላይ ድፊና ቤቱ በእንፋሎት ለብ ይበል፣ ጋቢው ፀሐይ ላይ ሞቆ ይጠብቃቸው፣ ከወንበሩ ሳይነሱ ጠቅልያቸው።

ውሃ በድስት ስታሞቂ መጀመሪያ ሳፋው ውስጥ ቀዝቃዛውን አድርጊ ከዛ ነው ሙቁ የሚጨመረው። እናንተ ጋ ውሃ 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል፣ ግን 60 ዲግሪውም ቢሆን በጥቂት ሴኮንድ ነው ቆዳ የሚልጠው። በክርንሽ ለኪው፣ በእሳቸው እግር አትለኪ፣ በተለይ ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ሙቀት ላይሰማው ይችላል።

ጾም ላይ ደግሞ እስከ 9 ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ በሙቅ ውሃ ሲታጠቡ ግፊታቸው ይወርድና ያዞራቸዋል፣ መድኃኒቱም አለ። በጾም ከሆነ ከቀመሱ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይተው ይታጠቡ። ሲጨርሱ ቁጭ ብለው እግራቸውን ትንሽ ያንቀሳቅሱና ቀስ ብለው ይነሱ። በሩም ከውስጥ አይቀርቀር።

ይሄን ሁሉ አዘጋጅተሽ እንኳ እምቢ ካሉሽ ገላሽን ታጠቢ አትበያቸው። «እማዬ እግርሽን ልጠብሽ» በያቸው። በኛ አገር ከሩቅ ለመጣ እንግዳ እግር የሚታጠብበት ወግ ስላለ እግር ልጠብ ሲባል እምቢ የሚል ትልቅ ሰው አላጋጠመኝም። ሳሎን ውስጥ በሳፋ ጀምሪ፣ ጣታቸውን እያሸሽ ጨዋታ አምጪ፣ በሌላ ቀን እስከ ጉልበት፣ ከዛ ጀርባ፣ ስስ ቀሚስ ወይ ነጠላ ላያቸው ላይ ይሁን፣ ራቁት መሆኑ ነው አንዳንዱን እናት የሚያሳፍረው። በሳምንታት ውስጥ ሻወር ቤቱ ደጃፍ ድረስ አብራችሁ ትሄዳላችሁ።

ጥያቄ፦ ከመሃል ሜዳ ነኝ። አባቴን ስትሮክ መትቷቸው ግራ ጎናቸው ደክሟል። ቤታችን የጭቃ ነው፣ ሻወር የለም፣ በሳፋ ነው የምናጥባቸው። ከወንድሜ ጋር ግራና ቀኝ እጃቸውን ይዘን ስናነሳቸው ግራ ትከሻቸውን ክፉኛ ያማቸዋል፣ ምን እያጠፋን ነው?

መልስ፦ የደከመውን እጅ መጎተቱን ነው፣ ዛሬውኑ ተዉት፣ ጡንቻው ስለላላ ትከሻው ከቦታው ይላቀቃል። ወገባቸው ላይ ሰፋ ያለ መቀነት አጥብቃችሁ እሱን ይዛችሁ አንሱ። ወንበሩ በቀኝ፣ በጤነኛው በኩል ይሁን፣ ወደዛ ነው የሚዞሩት። ልብስ ሲወልቅ መጀመሪያ ከጤነኛው እጅ፣ ሲለበስ መጀመሪያ በደከመው እጅ። መያዣ እንጨት ወይ ብረት ካደረጋችሁ ጭቃው ላይ ሳይሆን ቋሚው እንጨት ላይ ይመታ። ለመነሳት በጣም በከበዳቸው ቀን አልጋቸው ላይ እንዳሉ አንዱን ክንድ ብቻ ገልጣችሁ አጥባችሁ አድርቃችሁ ሸፍኑ፣ ከዛ ሌላውን፣ ሌላው ሰውነት ባና ውስጥ ይቆያል። ስታጥቡም ተረከዛቸውንና መቀመጫቸውን እዩ፣ በእጃችሁም ዳስሱት፣ ከሌላው ቆዳ ጠቆር ያለ፣ የሞቀ ወይ የጠነከረ ቦታ ካገኛችሁ የመኝታ ቁስል ሊጀምር ነው፣ በዛ በኩል አታስተኟቸው፣ ጤና ጣቢያም አሳዩዋቸው።