ስምሽን ከዘገባሽ ላይ አታንሺ

እህቴ፣

በተለማማጅነት በምትሠሪበት የዜና ክፍል የበጀት ዘገባሽን ከወንድ ባልደረባሽ ጋር ሆናችሁ በቪዲዮ አቀረባችሁት። ሰነዱን ያገላበጥሽው አንቺ ነሽ፣ እሱ ግማሹን አነበበ። ቪዲዮው ፌስቡክ ላይ ሲወጣ እሱ የተጠየቀው «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» ተብሎ ነው፤ ላንቺ የተጻፈልሽ ግን ስለ አንገትሽና ስለ ከንፈርሽ ነው። ቀጥሎ አንዱ ገጽሽ ላይ ገብቶ ከሥራ የምትወጪበትን ሰዓት እንደሚያውቅ ጻፈ። ወንድምሽ ገጹን ዝጊ ይልሻል፣ አባትሽ የሕዝብ ግንኙነት ሥራ አፈላልገውልሻል፣ አዘጋጅሽ ነገሩ እስኪረግብ ወደ ቤተሰብ ፕሮግራም ላዙርሽ ብሏል። አንቺ ደግሞ በወንድ የብዕር ስም፣ ፊትሽን ሳታሳዪ ብትቀጥዪ ይሻል እንደሆነ ጠየቅሽኝ።

አይሻልም። ትምህርትሽን ጨርሰሽ ሥራ ስታመለክቺ የምታሳዪው በስምሽ የወጣውን ዘገባ ነው። ችሎት በምዘግብበት ዘመን የመዝገብ ቤት ሠራተኞችና ጠበቆች «ነገ ውሳኔ አለ» ብለው የሚደውሉልኝ ስሜን ደጋግመው አይተው ስላመኑኝ ነበር። የሌለን ሰው ስም አይተው ማን ዘንድ ይደውላሉ? በብዕር ስም ዓመታት ብትሠሪ ልምዱ ያንቺ ይሆናል፣ እምነቱ ግን የዚያ የሌለ ሰውዬ ነው።

ጥፋቱ ከአቀራረቤ ይሆን ብለሽ ደጋግመሽ ጽፈሻል። የእንግሊዙ ጋዜጣ ዘጋርዲያን እ.ኤ.አ. በ2016 በድረ ገጹ ላይ የተጻፉ 70 ሚሊዮን አስተያየቶችን መርምሮ ነበር። ብዙ የስድብ አስተያየት ከደረሰባቸው 10 ቋሚ ጸሐፊዎች 8ቱ ሴቶች፣ የቀሩት 2ቱ ጥቁር ወንዶች ሆነው ተገኙ። በጣም ጥቂት የደረሰባቸው 10 ደግሞ ሁሉም ወንዶች። ዩኔስኮ እና ዓለም አቀፉ የጋዜጠኞች ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2020 ባደረጉት የዳሰሳ ጥናት መልስ ከሰጡት ሴት ጋዜጠኞች 73 በመቶዎቹ በሥራቸው ምክንያት የኦንላይን ጥቃት ደርሶብናል ብለዋል። 20 በመቶዎቹ ከዚያ ጋር የተያያዘ ጥቃት በአካልም ገጥሟቸዋል። ስለዚህ የከንፈር ቀለምሽን እርሺው። ይህ የሥራ አደጋ ነው፤ የሥራ አደጋ ደግሞ አሠሪውንም ይመለከታል።

ስድቡንና ዛቻውን ለያይተሽ ያዢ። ስለ መልክሽ የጻፉትን አንቺ ቁጭ ብለሽ አታንብቢ፣ በተለይ ማታ አልጋ ላይ ሆነሽ። አንድ የምታምኚው ባልደረባሽ ያንብበው፤ መያዝ ያለበትን ይያዝ፣ ሌላውን ይደብቀው። ሰዓትሽን አውቃለሁ ያለው ግን ዛቻ ነው። የአካውንቱን ስም፣ ሊንኩን፣ ቀኑንና ሰዓቱን የሚያሳይ ስክሪንሾት አንሺ፤ ብሎክ የምታደርጊው ከዚያ በኋላ ነው። ገጽሽን ከዘጋሽው ማስረጃውም አብሮ ሊጠፋ ስለሚችል የወንድምሽ ምክር እዚህ ላይ ይጎዳሻል። ስልክ ቁጥርሽንና ሰፈርሽን የሚጠቁም ነገር ካለ አንሺ፣ የመውጫ ሰዓትሽንና መንገድሽን ቀያይሪ፣ ለፖሊስ አመልክቺ።

ከዚያ ለአዘጋጅሽ በጽሑፍ ንገሪው። በቃል የተነገረ ነገር በዜና ክፍል ውስጥ እስከ ቀጣዩ ስብሰባ አይቆይም። ቪዲዮው የወጣው በድርጅቱ ገጽ ስለሆነ ከሥሩ ያለውን አስተያየት የሚቆጣጠረው ማነው? ሌሊት ማን ይከታተለዋል? ዛቻ ሲመጣ ድርጅቱ አብሮሽ ፖሊስ ጋ ይሄዳል? ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ የሌለው ቤት ከሆነ ተለማማጅነትሽን ጨርሰሽ መልስ ያለውን ፈልጊ። ለሥራ ስትወዳደሪም ከደመወዝ በፊት ይህንኑ ጠይቂ።

የቤተሰብ ፕሮግራሙን ሥራ አልንቀውም፤ በደንብ ሲሠራ ከባድ ዘገባ ነው። ያንቺ ዝውውር ግን የመጣው ከኮመንቱ ነው፤ እንዲህ ከሆነ የዜና ክፍሉን ምድብ የሚደለድሉት ተሳዳቢዎቹ ናቸው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በተደረገው ዓለም አቀፍ የሚዲያ ቅኝት በዜና ከሚነሱና ከሚጠቀሱ ሰዎች ሴቶቹ 25 በመቶ ብቻ ነበሩ። በጀትና ፍርድ ቤት የሚዘግቡ ሴቶች ዞር በተባሉ ቁጥር ይህ አኃዝ ከየት ያድጋል? እምቢ በይ፣ በጀቱ ላይ ቆዪ። የበጀት ሰነድና የፍርድ ቤት መዝገብ ማንበብ የቻለች ዘጋቢ የትም ቤት ትፈለጋለች።

ወንድምሽ ያሳሰበው ደህንነትሽ ከሆነ ማታ ስትወጪ መጥቶ ይውሰድሽ። ያሳሰበው የሰው ወሬ ከሆነ ግን ሙያሽን ለወሬኛ የመክፈል ግዴታ የለብሽም፤ ይህንኑ በግልጽ ንገሪው። አባትሽ ያገኙልሽ ሥራ ደመወዙ የተሻለ ነው ብለሻል። የቤቱ ወጪ ካንቺ የሚጠበቅ ከሆነ ገንዘብ በቂ ምክንያት ነው፣ ማንም አይወቅስሽም። ለደህንነት ብለሽ ግን አትሂጂ፤ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛም ስሟና ፎቶዋ ድርጅቱ ገጽ ላይ ይወጣል፤ ስትሰደብም የምትከላከለው የራሷን ዘገባ ሳይሆን የሌላ ሰው መግለጫ ነው።

ባልደረባሽ ከእኔ የበለጠ አበል ያገኛል ላልሽው፣ ጠይቂ። ካሪ ግሬሲ እ.ኤ.አ. በ2018 የቢቢሲ የቻይና አዘጋጅነቷን የለቀቀችው በዚሁ የክፍያ ልዩነት ነው፤ ድርጅቱም በኋላ ይቅርታ ጠይቆ ልዩነቱን ከፍሏል።

ለአዘጋጅሽ የምትጽፊውን ረቂቅ ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን። የዛቻውን አቤቱታ ግን እኔን ሳትጠብቂ ዛሬውኑ አስገቢ።