ከጥምቀት በኋላ ደባርቅ ለሚቆይ ሰው፦ ስለ ብርዱ

ከጥምቀት በኋላ ከጎንደር ወደ ደባርቅ ወጥተው አንድ ሳምንት ሊቆዩ እንዳሰቡ ገልጸው፣ ዝናብ ይኖር እንደሆነና ምን ዓይነት ልብስ እንደሚበቃ ጠይቀዋል። ዝናቡ ብዙም አያሳስብዎ፤ ጥር በጋ ነው፣ ክረምቱ የሚገባው በሰኔ ነው። ሊጠነቀቁለት የሚገባው ብርዱ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ከእርሷ በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ደባርቅ ግን 2,800 ሜትርን ስለምታልፍ፣ ጎንደር ላይ የበቃዎት ሹራብ እዚያ ማታ አያስጥልም።

ቀኑ ብሩህ ነው፤ እኩለ ቀን ላይማ ፀሐዩ ፊት ስለሚልጥ ባርኔጣ አይርሱ። ሌሊት ግን ሰማዩ ደመና ስለማይኖረው መሬቱ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት የሚይዝለት አያገኝም፤ ቀዝቃዛው አየርም ከባድ በመሆኑ ወደ ረባዳው ይወርዳል፣ ስለዚህ ውርጩ ከተዳፋቱ ይልቅ በሜዳው ላይ ይበረታል። ንጋት ላይ ገብስ የታጨደበትን ማሳ ቢመለከቱ፣ ገለባው ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል፣ ሲረግጡትም ይንኮሻኮሻል፤ ፀሐይ ሞቅ ስትል ግን ውኃ ሆኖ ይጠፋል።

ወፍራም ጋቢና የሱፍ ካልሲ ይያዙ። በሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ወዳለው የሳንቃበር ማደሪያ ወጥተው በድንኳን የሚያድሩ ከሆነ ደግሞ የመጠጥ ውኃዎን ወደ ውስጥ ያስገቡ፤ እኔ ጀሪካኑን ደጅ አሳድሬ፣ ጠዋት ፊቴን ለመታጠብ አፉ ላይ የረጋውን በረዶ በማንኪያ መስበር ግድ ሆኖብኛል።