ጠበቃ ከመያዝዎ በፊት፦ ከከተማዋ ዳርቻ የመጡ የፍቺ ጥያቄዎች

«እኔም ባለቤቴም የምንኖረው ለገጣፎ ነው። ፍቺውን አልቀበልም፣ ልጆቹንም አልሰጥም ብሏል። የአክስቴ ልጅ ልደታ ቢሮ ያለው ታማኝ ጠበቃ አውቃለሁ ትለኛለች። ልያዘው?»

ከታማኝነቱ በፊት የት ችሎት መቆም እንደሚችል ይጠይቁት። ክስ በመርህ ደረጃ የሚቀርበው ተከሳሹ በሚኖርበት ቦታ ነው። ለገጣፎ አሁን በሸገር ከተማ ሥር ስለሆነች ጉዳይዎ የሚታየው በኦሮሚያ ፍርድ ቤት ነው። የችሎቱ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ሲሆን የሚሠራበትም የክልሉ የቤተሰብ ሕግ ነው፤ አዲስ አበባ የሚሠራበት የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ እዚያ አይጠቀስም። ከአያት ታክሲ ተሳፍረው ብዙም ሳይቆዩ ሕጉ ይለወጣል! ስለዚህ ጠበቃው የክልሉ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ፈቃዱን አሳየኝ ማለት ነውር አይደለም፤ ጊዜው ያላለፈ መሆኑንም ይመልከቱ። ይህን ሳይነግርዎ ቀብድ የተቀበለ ሰው፣ የአክስትዎ ልጅ ምንም ብትመሰክርለት፣ ይቅርብዎት።

«ጠበቃዬ ‹ዳኛዋን አውቃታለሁ፣ ልጆቹን አስወስንልሃለሁ› ብሎ ከውላችን ውጪ 30,000 ብር ጠየቀኝ። አባት፣ ከቃሊቲ»

አይስጡት። ጉቦ ቢሆን እርስዎም በወንጀል ይጠየቃሉ፤ የእኔ ግምት ግን ገንዘቡ ከእሱ ኪስ አያልፍም የሚል ነው። ቢያሸንፉ «ሠራሁልህ» ይላል፤ ቢሸነፉ ደግሞ «ያኛው ወገን የበለጠ ሰጠ»። ደረሰኝ የሌለው ገንዘብ በምን ይጠየቃል?

ቀና ጠበቃ በመጀመሪያው ቀን ደስ የማይሉ ነገሮችን ይጠይቅዎታል፤ ገቢዎ ስንት እንደሆነ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያመላልሰው ማን እንደሆነ፣ መጠጥ ያዘወትሩ እንደሆነ፣ በሚስትዎ ላይ እጅ አንስተው ያውቁ እንደሆነ። የሚጠይቀው ሊያዋርድዎ ፈልጎ አይደለም። የአዋጅ ቁጥር 213/1992 አንቀጽ 113 ፍርድ ቤቱ የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና የአኗኗር ሁኔታ፣ የልጆቹንም ዕድሜና ጥቅም እንዲመዝን ስለሚያዝ ነው። ይህን ሳያጣራ «ያለ ጥርጥር ይሰጥሃል» ያለዎት ሰው ሕጉን አላነበበም፣ ወይም እያታለለዎት ነው።

ውሉንም አውጥተው ደግመው ያንብቡት። ክፍያው የሚሸፍነው ፍቺውን ብቻ ነው ወይስ የልጆቹን ጉዳይ፣ የንብረት ክፍፍሉንና ይግባኙንም? ብዙ ሰው የተስማማበት ዋጋ ሁሉንም የሚያካትት መስሎት ንብረቱ ላይ ሲደርስ እንደገና ይጠየቃል። ጠበቃውን ለመለወጥ ከወሰኑ ውክልናውን በሰነዶች ማረጋገጫ ይሻሩ፤ መሻሩን ለችሎቱም በጽሑፍ ያሳውቁ። አቤቱታ ካለዎት የፌደራል ጠበቆችን ፈቃድ የሚሰጠው ፍትሕ ሚኒስቴር ነው።

«ጠበቃው ‹መሸጥ፣ መለወጥ› የሚል ውክልና ፈርሚ አለኝ። ቤታችን በባሌ ስም ነው።»

አይፈርሙ። ለክርክር የሚበቃው የክርክር ውክልና ነው። ቤቱ በባለቤትዎ ስም መሆኑም አያስደንግጥዎት፤ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር በጋብቻ ጊዜ የተፈራ ንብረት የጋራ እንደሆነ ይገመታል።

«ልጄ አራት ዓመቱ ነው። ‹እስከ አምስት ዓመት የእናት ነው፣ አትድከም› ተባልኩ። ከጀሞ»

ያ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ድንጋጌ ነበር፤ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 ውስጥ የለም። የፌደራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 የልጁን ጥቅም አስቀድሞ፣ አባት እያለ ልጁ ካሳደገችው አክስቱ ጋር እንዲቆይ ወስኗል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ልጁን እስከ ዛሬ የተንከባከበው ማን ነው የሚለው ነው። መልሱ እናቱ ከሆነች፣ ዕድሜው ባይጠቀስም ክርክሩ ይከብድዎታል።

«ሦስት ወር ጠብቂ ተባልኩ። ጠበቃዬ ጊዜ እየገደለብኝ ይሆን?»

ላይሆን ይችላል። ፍርድ ቤቱ ባልና ሚስት እንዲያስቡበት ከሦስት ወር ያልበለጠ ጊዜ መስጠት ይችላል። ጠበቃዎን መጠየቅ ያለብዎት ሌላ ነው፦ እስከዚያው ልጆቹ የት እንደሚቆዩና ስለ ቀለባቸው ጊዜያዊ ትእዛዝ እንዲሰጥ አመልክቷል? ካላመለከተ ምክንያቱን ይንገርዎት።

«ለጠበቃ የምከፍለው የለኝም። ከሰበታ»

ሴት ከሆኑ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም የነፃ ድጋፍ ማዕከላት አሉት። የጋብቻ ማስረጃና የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀት ኮፒ ይያዙ። መጥሪያ ደርሶዎት ከሆነ ግን ከሁሉ አስቀድመው እሱን ያሳዩ፤ የመልስ ማቅረቢያው ቀን እዚያ ላይ ተጽፏል።