ለወሎ ልጆች፦ የሚጻፍበት ፊደል

ልጆቼ፣

ብዙ ዘመን ታሪክ ሳስተምር፣ ከታወቁት ፊደላት ውጭ ያሉት ሁሉ ሙዚየም ገብተዋል ብሎ የሚያምን ተማሪ አጥቼ አላውቅም። ይህ እምነት ከልባችሁ እንዲወጣ እሻለሁ። በላይቤሪያ የቫይ ሕዝብ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1830ዎቹ ሞሞሉ ዱዋሉ ቡከሌ የፈጠረለትን ፊደል ትምህርት ቤት ሳይገባ በየቤቱ እየተማማረ ደብዳቤ ተጻጽፎበታል፤ የንግድ ሒሳቡን መዝግቦበታል።

የጊኒዎቹ ወንድማማቾች ታሪክ ግን ልቤን ይነካዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1989 ኢብራሂማና አብዱላዬ ባሪ፣ ገና ልጆች ሳሉ፣ የፉላኒ ቋንቋቸው በአረብኛ ፊደል ሲጻፍ ድምፆቹ እንደሚዛቡ አይተው የራሳቸውን ፊደል ቀረጹ፤ ዛሬ አድላም ይባላል። ማንም አላዘዛቸውም። መጻሕፍት በእጃቸው እየገለበጡ በየገበያው አስተማሩ። በ2016 ፊደሉ ኮምፒዩተሮችና ስልኮች የዓለምን ፊደላት የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት የሆነው ዩኒኮድ ውስጥ ገባ፤ አሁን በስልክ ይጻፍበታል።

የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ከገባ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ በኪሳችሁ ስልክ ላይም አለ። ይህ ሁሉ ተመቻችቶላችሁ አማርኛን በላቲን ፊደል ስትጻጻፉ ሳይ አዝናለሁ። ፊደል የሚኖረው ሰላምታ ሲላክበት፣ ዕዳ ሲመዘገብበት ነው።

ወሎ ደግሞ ሌላ ሀብት አላት፤ አማርኛ በአረብኛ ፊደል የሚጻፍበት አጀሚ። ራሱን የቻለ ፊደል አይደለም የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው፣ ግን ዋጋውን አይቀንሰውም። ሸህ ጦልሃ ጀዕፈርን የመሰሉ ዓሊሞች የአማርኛ ግጥማቸውን የጻፉት በአጀሚ ነው። በሐድራ፣ በዱዓው ስብስብ፣ ከምትሰሙት የአማርኛ መንዙማም ብዙው በዚሁ ተጽፎ ቆይቷል። ንባቡ ይከብዳል። አማርኛ ሰባት አናባቢ አለው፤ የአረብኛ አጭር አናባቢ ምልክቶች ግን ሦስት ብቻ ናቸው። ስለዚህ አንባቢው ፊደሉን ቢለይም ቃሉን ቀድሞ ካላወቀው ይሰናከላል። አነባበቡ ያለው በወረቀቱ ላይ ብቻ ሳይሆን በሸሆቹ አንደበት ነው።

አያታችሁ ዘንድ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ካለ፣ ፎቶ ለማንሳት አትቸኩሉ። አስቀድማችሁ ቁጭ ብለው እንዲያነቡላችሁ ለምኑ፤ ከፈቀዱ ድምፃቸውን ቅዱ። ማን እንደጻፈው፣ ከየትኛው መንደር እንደመጣ ጠይቃችሁ መዝግቡ። ለገዢ አትስጡት፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢያጓጓ። ከዚያም አንድ ስንኝ በእጃችሁ ገልብጣችሁ አሳዩአቸውና ያርሟችሁ።