ለጀማሪ ድንጉላ ባዝራ ሲመረጥ

ጥያቄ፦ 3 ዓመት የሞላው ድንጉላ ፈረስ አለኝ፤ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ላስጠቃበት አስቤያለሁ። 14 ባዝራዎች አሉኝ። ገሚሶቹ ወልደው አያውቁም፣ የቀሩት ደጋግመው ወልደዋል። ወጣቱን ከወጣቶቹ ጋር ማገናኘት ይሻላል? ስንቷንስ ልስጠው?

መልስ፦ ወጣትን ከወጣት አያገናኙ። ድንጉላው ምን ዓይነት ልጅ እንደሚሰጥ ገና አልታወቀም፤ ወልዳ የማታውቀውም እንዲሁ። ከሁለቱ የተወለደው ውርንጭላ እግሩ ቢጣመም ጉድለቱ ከማን እንደመጣ በምን ይለያል? ከሌላ ድንጉላ ሁለት ሦስት ጊዜ የወለዱትን ይምረጡ፤ የቀድሞ ልጆቻቸው ማነጻጸሪያ ይሆኑዎታል። በአንድ ውርንጭላ ግን አይፍረዱ። ያው ጉድለት የማይዛመዱ የሦስት አራት ባዝራዎች ልጆች ላይ ከተደጋገመ ያን ጊዜ ድንጉላውን ይጠርጥሩ።

ከ14ቱ መጀመሪያ የሚወጡት ዘመዶቹ ናቸው። ከእናቱ ወይም ከሙሉ እህቱ የሚወለድ ውርንጭላ የሥጋ ዝምድና መጠኑ (ከእናትም ከአባትም ያንኑ አንድ ዘር የመውረስ ዕድሉ) 25 በመቶ፣ በአንድ ወላጅ ብቻ ከምትገናኘው እህቱ ደግሞ 12.5 በመቶ ነው። ተደብቆ የቆየ የዘር በሽታ ብቅ የሚለው እንዲህ ባለው እርባታ ነው፤ ሁለቱም ተሸካሚ ከሆኑ ከ4 ልጆች አንዱ በሽታውን የመውረስ ዕድል አለው።

ቀጥሎ ቁመናን ያመዛዝኑ። ብዙ አርቢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ጠማማን በተቃራኒው ጠማማ ለማቃናት ይሞክራል። የድንጉላው ቋንጃ (የኋላ እግሩ መታጠፊያ) ከመጠን በላይ የቀና ከሆነ የሚያስፈልገው ከመጠን በላይ የታጠፈ ቋንጃ ያላት ሳትሆን ትክክለኛ ቋንጃ ያላት ናት። ውርንጭላው መሃሉን እንዲይዝ የሚያስገድደው ነገር የለም፤ ከሁለት አንዱን ጉድለት እንዳለ ሊወርስ ይችላል። የእሱ ጉድለት ያለባትን ባዝራ ደግሞ ጭራሽ ይተዉ። (አንድ ቆለጡ ካልወረደ ግን የባዝራ ምርጫ ትርጉም የለውም፤ ይኮላሽ።)

ለዘንድሮ ከ6 እስከ 8 ባዝራ ይበቃዋል። በ3 ዓመቱ ቆለጡ ገና ሙሉ መጠኑ ላይ አልደረሰም፤ ባዝራዋ ደግሞ በአንድ ድራት (ወንድ በምትፈልግበት ሰሞን) ሁለት ሦስት ጊዜ መጠቃት ሊያስፈልጋት ይችላል። በቀን ከአንድ ጊዜ፣ በሳምንት ከአራት ጊዜ አያስበልጡ። ሁሉም በአንድ ሰሞን እንዳይደርሱበት ተራ ያውጡላቸው።

የመጀመሪያዋ ባዝራ ምርጫ ለብቻው ይታሰብበት። ደጋግማ የወለደች፣ ረጋ ያለች፣ ከእሱ ቁመት የማትበልጥ ትሁን፤ ከበለጠች መሬቱ ዝቅ ባለበት ያቁሟት። ድራቷ የጠነከረ መሆኑን ሳያረጋግጡ አያቅርቡት። ጭራዋን አንስታ፣ የኋላ እግሯን ከፍታ፣ ሽንቷን ጥቂት ጥቂት እያፈሰሰች ብትቆም ዝግጁ ናት። ጆሮዋን ወደ ኋላ ከጣለች ይመልሱት፤ ገና በመጀመሪያው ቀን የተረገጠ ድንጉላ ፈሪ ሊሆን ይችላል።

ድራት ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ቀን ይቆያል፤ እንቁላሉ የሚወርደው ሊያበቃ አንድ ወይም ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ስለዚህ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ድንጉላውን እምቢ እስክትል ድረስ በየሁለት ቀኑ ያስጠቋት።

ጥያቄ፦ በደንብ ይሰርራል፤ ነገር ግን ያጠቃቸው አራት ባዝራዎች ዳግም ድራት አሳዩ። ከወር በፊት ትኩሳት ነበረበት።

መልስ፦ ትኩሳቱን ይጠርጥሩ። አንድ የወንዴ ዘር ተሠርቶ እስኪወጣ ሁለት ወር ገደማ ስለሚፈጅ ዛሬ የሚወጣው በሕመሙ ሰሞን የተሠራው ነው። ትኩሳቱ ከለቀቀው ሁለት ወር ሲሞላ የዘር ፈሳሹን በእንስሳት ሐኪም ያስመርምሩ። በዚያው ባዝራዎቹ የማህፀን ኢንፌክሽን እንደሌለባቸው ይታይ፤ አራቱም በአንድ ላይ ባይጸንሱም ሁልጊዜ ጥፋቱ የድንጉላው ብቻ አይደለም።

ጥያቄ፦ ከወለደች 8 ቀን የሆናት ባዝራ ድራት አሳየች። ለዚሁ ጀማሪ ትሁን?

መልስ፦ ትለፍ። ማህፀኗ ገና አልጸዳም፤ ውርንጭላዋን ስትጠብቅም ልትራገጥ ትችላለች። ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቶ የሚመጣውን ድራት ይጠብቁ።